ክፍሉ ውስጥ ማን አለ? በኢንተርኔት ለቡድን መልእክት የማሰራጨት ታሪክ

አንድ ሰው የጻፈውን መልእክት በዚያው ቅጽበት ለብዙዎች ማድረስ፣ ያውም ለሁሉም ሳይሆን በአንድ ክፍል ለተሰባሰቡት ብቻ፣ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ያለ ማቋረጥ የሚከናወን ሥራ ነው። በቻት ግሩፕ የሚላክ ጽሑፍ፣ በኦንላይን ጨረታ የሚቀያየር ዋጋ፣ በስፖርት ድረ ገጽ ላይ ገጹ ሳይታደስ የሚለወጥ የጨዋታ ውጤት በመሠረቱ በአንድ ዘዴ ይሠራሉ። ሰርቨሩ ማን በየትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ይይዛል፤ መልእክት ሲደርሰው ዝርዝሩን ያያል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ አባል በተከፈተለት መስመር ቅጂውን ይልክለታል። ዘዴው ከድረ ገጽ ዘመን በፊት የተወለደ ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ባለሙያዎቹን ይበልጥ ያስቸገራቸውም መላኩ ሳይሆን ዝርዝሩን መጠበቁ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን መስመር ድንገት ተቋረጠ የሚለውን ማወቅ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1971 የአሜሪካ መንግሥት የዋጋና የደመወዝ ጭማሪን ሲያግድ፣ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የአስቸኳይ ጊዜ ዝግጁነት መሥሪያ ቤት በየአካባቢው ያሉትን ቅርንጫፎቹን በፍጥነት ማነጋገር ነበረበት። ሙሬይ ቱሮፍ ለዚሁ ሥራ ያዘጋጀው ኤሚሳሪ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በጽሑፍ የሚነጋገርበት ፓርቲ ላይን የሚባል ክፍል ነበረው። ክፍሉ ጽሑፍ ከማስተላለፍ አልፎ በውይይቱ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ያሳይ ነበር፤ አንድ ሰው ሲገባና ሲወጣም ለቀሩት ያሳውቃል። የመጀመሪያው የቡድን መነጋገሪያ ገና ከጅምሩ ሁለቱንም ሥራ፣ መላክንና ማን እንዳለ መናገርን፣ አንድ ላይ ይዞ መምጣቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ለትምህርት በተሠራው ፕላቶ በተባለው ሥርዓት ላይ፣ ዳግ ብራውንና ዴቪድ ዎሊ ቶኮማቲክን ሠሩ። ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች በተደረደሩ መስኮቶች ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ተነጋጋሪ የራሱ መስኮት ይሰጠዋል። ጽሑፉ ተጠናቆ እስኪላክ አይጠበቅም፤ ጸሐፊው እያንዳንዱን ፊደል በነካ ቁጥር በሁሉም ስክሪን ላይ ይታያል፤ ሲሳሳትና ሲያርምም እንዲሁ። በአንድ ቻናል ውስጥ መጻፍ የሚችሉት እስከ 5 ሰዎች ነበሩ። ሌሎች ገብተው መመልከት ይችላሉ፤ ተነጋጋሪዎቹ ካልፈለጉ ደግሞ ቻናሉን ከተመልካች ይዘጉታል። ይህ ሁሉ ቀላል የሆነው የፕላቶ ተርሚናሎች በሙሉ ከአንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ጋር ስለተያያዙ ነው። ዝርዝሩ በአንድ ማሽን ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስለ ትክክለኛነቱ የሚከራከር ሁለተኛ ማሽን የለም። በ1980 ኮምፒውሰርቭ በክፍያ ለሕዝብ ያቀረበው ሲቢ ሲሙሌተርም በዚሁ ዓይነት ይሠራ ነበር። የኩባንያው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ የነበረው ሳንዲ ትሬቨር በጊዜው በከባድ መኪና ሾፌሮች ዘንድ የተወደደውን የሲቢ ሬዲዮ አርአያ አድርጎ 40 ቻናሎች ሰጥቶታል።

ነገሩ የተወሳሰበው ብዙ ሰርቨሮች አንድን ክፍል እንዲጋሩ ሲፈለግ ነው። በ1985 ጄፍ ኬል በቢትኔት መረብ ላይ ሪሌይ የተባለ መነጋገሪያ ዘረጋ። ያንን ያየው የፊንላንድ ተማሪ ያርኮ ኦይካሪነን በኦገስት 1988 በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ጻፈ፤ ስሙ ኢንተርኔት ሪሌይ ቻት፣ በአጭሩ አይአርሲ ተባለ። ኦይካሪነን መጀመሪያ ያሰበው በዩኒቨርሲቲው የሚያስተዳድረውን የመልእክት ሰሌዳ የቻት ክፍል ማሻሻል ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌሎች የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ቀጥሎም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሰርቨራቸውን አያያዙበት።

የአይአርሲ ሰርቨሮች የሚያያዙት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ በማናቸውም ሁለት ሰርቨሮች መካከል ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። አሠራሩን ለማየት በአንድ ቻናል ውስጥ ሁለት ሰው ፊንላንድ፣ ሠላሳ ሰው አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ አለ እንበል። ከፊንላንዶቹ አንዱ ሲጽፍ መልእክቱ ሠላሳ ጊዜ ውቅያኖስ አያቋርጥም። የፊንላንዱ ሰርቨር በዚያ አቅጣጫ የቻናሉ አባል መኖሩን ያውቃልና አንድ ቅጂ ብቻ ይልካል፤ ሠላሳ ቅጂ የሚያወጣው የአሜሪካው ሰርቨር ነው። አባል ወደሌለበት ቅርንጫፍ ደግሞ ምንም አይላክም። አህጉራትን የሚያገናኙ መስመሮች ጠባብና ውድ በነበሩበት ዘመን ይህ አሠራር መረቡን አኑሮታል፤ በኋላ እንደሚታየው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም በሌላ ስም ተመልሷል።

በሜይ 1993 ኦይካሪነንና ዳረን ሪድ ደንቡን አርኤፍሲ 1459 በተባለ ሰነድ አሳተሙት። ሰነዱ ያስቀመጣቸው ነገሮች እስከ ዛሬ ይታወቃሉ። የቻናል ስም የሚጀምረው በ# ወይም በ& ምልክት ነው። ሰርቨሩ ዝም ላለ ተጠቃሚ ፒንግ ይልካል፤ ፖንግ የሚል መልስ ካላገኘ ሰውየው እንደሄደ ቆጥሮ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። የላከው ሰው የራሱ መልእክት ተመልሶ አይመጣለትም፤ ሰርቨሩ የሚያሰራጨው ለቀሩት ብቻ ነው። አንድ መልእክት ከመስመር ማብቂያው ጋር ከ512 ባይት መብለጥ አይችልም። ይህ የመጨረሻው ገደብ ለአማርኛ ጸሐፊ ጠባብ ነበር። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በላቲን ፊደል አምስት መቶ ያህል ሆሄ በሚይዘው መስመር ውስጥ የሚገባው የግእዝ ፊደል ቢበዛ 170 ነው፤ ያውም የቻናሉ ስምና ትእዛዙ የሚወስዱት ቦታ ሳይቀነስ። በተጨማሪም ሰነዱ የትኛው የፊደል አጻጻፍ እንደሚሠራበት ስላልደነገገ፣ የላኪውና የተቀባዩ ፕሮግራም ካልተስማሙ ጽሑፉ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ተተክቶ ይታያል። ኢትዮጵያውያን በዚያ ዘመን በኮምፒውተር ሲጻጻፉ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ከለመዱባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህን የመሰለ ችግር ነው።

የአይአርሲ ትልቁ ሕመም ግን ኔትስፕሊት የሚባለው መሰንጠቅ ነበር። ዛፉ በሁለት ነጥቦች መካከል አንድ መንገድ ብቻ ስላለው አንድ መስመር ሲበጠስ መረቡ ለሁለት ይከፈላል። በቻናሉ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው ነገር አስደንጋጭ ነው፤ በአንድ ቅጽበት በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰናበቱ የሚል መልእክት ይጎርፋል፤ በስንብት ምክንያቱ ቦታ ላይ የተለያዩት የሁለቱ ሰርቨሮች ስም ተጽፏል። በማዶ ያሉትም ስለ ወዲህኞቹ ያንኑ ያያሉ። ማንም አልወጣም፤ ዝርዝሩ ግን ሁለት ሆኗል። መስመሩ ሲመለስ ሁለቱን ዝርዝሮች ማስታረቅ ያስፈልጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይብሳል። ባዶ ቻናል ውስጥ መጀመሪያ የገባ ሰው የቻናሉ ኃላፊ ይሆናል የሚል ደንብ ነበረ። ስለዚህ ተንኮለኛ ሰው መሰንጠቁን ጠብቆ፣ አባል በሌለበት ወገን በዚያው ስም ቻናል ከፍቶ ኃላፊ ይሆናል፤ መረቡ ሲጋጠም ሥልጣኑን ይዞ ይመጣና እውነተኞቹን ባለቤቶች ያባርራል። ሁለት ሰዎች በሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ስም ቢይዙ ደግሞ መረቡ ሲጋጠም ሁለቱም ይቆረጣሉ።

መፍትሔው ላይ አስተዳዳሪዎቹ አልተስማሙም። አንደኛው ወገን እያንዳንዱ ስምና ቻናል የተፈጠረበት ሰዓት ይመዝገብ፤ ሲጋጩ ቀድሞ የነበረው ይጽና አለ። ሁለተኛው ወገን ከመሰንጠቅ በኋላ ስሙና ቻናሉ ለተወሰነ ጊዜ ይታገድ፤ ማንም አይያዘው አለ። ክርክሩ ከሌሎች የአስተዳደር ቅራኔዎች ጋር ተደምሮ በጁላይ 1996 መረቡን ለዘለቄታው ከፈለው፤ የሰዓቱን መንገድ የመረጡት በአብዛኛው አሜሪካውያን ኢኤፍኔት ሆነው ቀሩ፤ የእገዳውን መንገድ የመረጡት በአብዛኛው አውሮፓውያን አይአርሲኔት የተባለውን መሠረቱ። በጊዜው ትልቁ የአይአርሲ መረብ ለሁለት የተሰነጠቀው በከፊል በክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ መዝግቦ በመያዝ ዘዴ ላይ በተነሣ ጠብ ነው። የዚህን ዝርዝር ክብደት ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ክስተት ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያው ዘመን ሌላ የተለየ መንገድም ተሞክሯል፤ ዝርዝሩን ከሰርቨሮች አንሥቶ ለመረቡ ራሱ መስጠት። የስታንፎርዱ ስቲቭ ዲሪንግ በኦገስት 1989 ባወጣው አርኤፍሲ 1112 መልቲካስትን ደነገገ። በዚህ አሠራር ከ224 እስከ 239 የሚጀምሩት የአይፒ አድራሻዎች የሰው ሳይሆን የቡድን አድራሻ ናቸው፤ መቀበል የሚፈልግ ማሽን ለቅርቡ ራውተር ይናገራል፤ ላኪው አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል፤ ማባዛት የራውተሮቹ ፋንታ ነው። ማንም ሙሉ ዝርዝር አይይዝም፤ ራውተሩ የሚያውቀው በዚህ በኩል ቢያንስ አንድ ፈላጊ መኖሩን ብቻ ነው። በማርች 1992 ሳን ዲዬጎ ላይ የተደረገው የኢንተርኔት መሐንዲሶች ጉባኤ ድምፅ በዚህ መንገድ በ3 አህጉራት ወደሚገኙ 20 ጣቢያዎች ተሰራጭቷል። ሐሳቡ እጅግ የተዋበ ነበር፤ በሕዝባዊው ኢንተርኔት ላይ ግን አልተስፋፋም። ራውተሮች ለእያንዳንዱ ቡድን መዝገብ መያዝ ግድ ይሆንባቸዋል፤ በመንገድ የጠፋ መልእክት በራሱ አይተካም፤ ኩባንያዎችም ለማን ምን እንደሚያስከፍሉ አልታወቃቸውም። በቴሌቪዥን አቅራቢዎችና በአክሲዮን ገበያዎች የውስጥ መረብ ላይ ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ድሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ ጋር በማይገጥም ጠባይ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የሠራው ሥርዓት ሰነድ ለማምጣት የታሰበ ነበር፤ ብራውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ መስመሩ ይዘጋል። ሰርቨሩ ማን እንደጠየቀው አያስታውስም፤ ሳይጠየቅም አይናገርም። በዚህ ላይ የቡድን መነጋገሪያ መሥራት የፈለጉ ሰዎች መጀመሪያ የያዙት ገጹን በየጥቂት ሰከንዱ ማደስን ነው። ሒሳቡ አያዋጣም። 10,000 ሰዎች በየ5 ሰከንዱ አዲስ ነገር አለ ወይ ብለው ቢጠይቁ ሰርቨሩ በሰከንድ 2,000 ጥያቄ ይመልሳል፤ አብዛኛውም መልስ የለም የሚል ነው። መልእክቱም ቢሆን እስከ 5 ሰከንድ ይዘገያል። ኔትስኬፕ በ1995 ሰርቨሩ መስመሩን ሳይዘጋ ገጹን ደጋግሞ የሚልክበትን ዘዴ አቀረበ፤ ሌሎች ጃቫ አፕሌት ገጹ ውስጥ አስገብተው በራሱ መስመር አነጋገሩት። ፓልቶክን የመሰሉ አገልግሎቶች ደግሞ ከብራውዘር ውጭ የራሳቸውን ፕሮግራም አስጫኑ። የፓልቶክ ክፍሎች በ2000ዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለ አገራቸው ፖለቲካ በድምፅና በጽሑፍ የሚሟገቱባቸው ዋነኛ መድረኮች ነበሩ።

በ1999 ማይክሮሶፍት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥ ገጹን ሳያድስ ከበስተጀርባ ጥያቄ የሚልክ መሣሪያ ጨመረ። ከዚህ መሣሪያ የተፈለሰፈው ዘዴ ሎንግ ፖሊንግ ይባላል። ብራውዘሩ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ አዲስ ነገር ከሌለው ቶሎ አይመልስም፤ ጥያቄውን ይዞ ይጠብቃል። መልእክት ሲመጣ ለያዛቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይመልሳል፤ ብራውዘሮቹም መልሱን እንደተቀበሉ ወዲያው እንደገና ይጠይቃሉ። በፌብሩዋሪ 2006 በጂሜይል ውስጥ የተከፈተው ቻት በዚህ ቤተሰብ በሚመደብ ዘዴ ይሠራ ነበር። በተከታዩ ወር አሌክስ ራስል የዘዴዎቹን ቤተሰብ በጅምላ ኮሜት ብሎ ሰየመው። ዘዴው አስደናቂ ብልሃት ቢሆንም ካልታሰበ ቦታ እንቅፋት ገጠመው። የ1999ኙ የኤችቲቲፒ ደንብ አንድ ብራውዘር ወደ አንድ ሰርቨር ከ2 በላይ መስመር እንዳይከፍት ይመክራል፤ ብራውዘሮቹም ይህን ያከብሩ ነበር። ተጠቃሚው ያንኑ ቻት በሁለት ታብ ከከፈተ ሁለቱም መስመሮች በመጠበቅ ይያዛሉ፤ ሦስተኛ ጥያቄ፣ ለምሳሌ ራሱ የጻፈውን መልእክት መላክ፣ መውጫ አጥቶ ይቆማል። ፕሮግራመሮች ለማምለጥ የጥበቃውን መስመር በሌላ ንዑስ የድር ስም ላይ አዞሩት።

በሰርቨሩ በኩልም አሮጌው አሠራር አልቻለም። በጊዜው የነበሩ የድር ሰርቨሮች ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ፕሮሰስ ወይም ትሬድ ይመድቡ ነበር፤ መስመሩ ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅም ሜሞሪው ተይዞ ይቆያል። ዳን ኬግል በ1999 አንድ ማሽን 10,000 ደንበኞችን በአንድ ጊዜ እንዴት ይያዝ የሚለውን ጥያቄ ሲ10ኬ ብሎ አንሥቶት ነበር። ሊኑክስ በ2002 ኢፖል የተባለውን፣ ከሺህ መስመሮች መካከል አሁን የሚናገረውን ብቻ ነጥሎ የሚያሳውቅ መሣሪያ አገኘ። በ2009 ራያን ዳል በርሊን ላይ ኖድ የተባለውን የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ለባለሙያዎች ሲያስተዋውቅ ለማሳያ ካቀረባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ትንሽ የአይአርሲ ሰርቨር ነበር። ምርጫው ትክክለኛ ነበር፤ ብዙ መስመር ከፍቶ ጥቂት የሚናገር ሥራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

በ2008 የጸደይ ወራት ፌስቡክ ቻቱን ለ70 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹ ከፈተ። መልእክቶቹን የሚይዙት ሰርቨሮች የተጻፉት ኤሪክሰን ለስልክ ማዞሪያዎች ባበለጸገው ኧርላንግ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። መሐንዲሶቹ በዚያው ዓመት ባወጡት ገለጻ፣ በቻት ሥርዓት ውስጥ ከባዱ ሥራ መልእክት መላክ አለመሆኑን፣ እያንዳንዱ ሰው የትኞቹ ጓደኞቹ ኦንላይን እንዳሉ፣ የትኞቹ እንደራቁ፣ የትኞቹ እንደወጡ እንዲያውቅ ማድረግ መሆኑን አስረድተዋል። ሒሳቡን መረዳት አይከብድም። አንድ ሰው 200 ጓደኛ ካለውና ሲገባና ሲወጣ ለሁሉም ከተነገረ፣ አንዲት ቃል ሳይጽፍ 400 ማሳወቂያ አስነሥቷል። በሞባይል ኔትወርክ መስመሩ በየደቂቃው የሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ይህንን ቁጥር ሳያውቀው ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። አይአርሲን ለሁለት የከፈለው ዝርዝር እዚህም የወጪው ዋና ምንጭ ሆኖ ተገኘ።

ብራውዘርንና ሰርቨርን በሁለቱም አቅጣጫ የሚያነጋግር ቋሚ መስመር ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ በዚያው ጊዜ በኤችቲኤምኤል 5 ረቂቅ ውስጥ ነበረ። በጁን 2008 ኢያን ሂክሰንና ማይክል ካርተር ሐሳቡን አሻሽለው ዌብሶኬት የሚል ስም ሰጡት፤ የመከሩበትም ክፍል የአይአርሲ ቻናል ነበር። ጉግል በዲሴምበር 2009 በክሮም ብራውዘሩ ውስጥ አስገባው። በ2010 መጨረሻ ግን ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ ያሉ አሮጌ ፕሮክሲዎችን በማታለል ሐሰተኛ ገጽ ማስቀመጥ እንደሚቻል ስላሳዩ ፋየርፎክስና ኦፔራ አቋረጡት። ጥገናው ብልህ ነበር፤ ብራውዘሩ የሚልከው እያንዳንዱ መልእክት በዘፈቀደ በተመረጠ 4 ባይት ቁልፍ እየተሸፈነ እንዲሄድ ተደረገ፤ ስለዚህ አጥቂው በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ባይት አስቀድሞ መምረጥ አይችልም። ደንቡ በዲሴምበር 2011 አርኤፍሲ 6455 ሆኖ ጸና።

ዌብሶኬት እንደ ተራ የድር ጥያቄ ይጀምራል፤ ብራውዘሩ ወደ ዌብሶኬት እንሸጋገር ይላል፤ ሰርቨሩ 101 በሚል ቁጥር መልሶ ይስማማል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም እንዳሻቸው ይናገራሉ። ከሰርቨሩ የሚመጣ አጭር መልእክት ራስጌው 2 ባይት ብቻ ነው፤ በሎንግ ፖሊንግ ዘመን እያንዳንዱ መልእክት በመቶዎች የሚቆጠር ባይት ራስጌ ይሸከም ነበር። ፒንግና ፖንግም በደንቡ ውስጥ ተካተዋል። ጽሑፍ የሚላከው በዩቲኤፍ 8 ብቻ እንዲሆን ስለተደነገገም የአማርኛ ጽሑፍ የሁለቱን ወገን ስምምነት ሳይጠብቅ በትክክል ይደርሳል። ቡድን የሚባል ነገር ግን በዌብሶኬት ውስጥ የለም። ደንቡ የሚያውቀው በሁለት ጫፎች መካከል ያለ አንድ መስመርን ነው፤ ክፍል፣ አባልነት፣ ለሁሉም ማሰራጨት ለፕሮግራመሩ የተተወ ነው።

ያንን ባዶ ቦታ የሞሉት ላይብረሪዎች ናቸው። ጊዬርሞ ራውክ በ2010 ያወጣው ሶኬት አይኦ ቡድኑን ሩም ብሎ ጠራው፤ ዴቪድ ፋውለርና ዴሚያን ኤድዋርድስ በ2011 በማይክሮሶፍት የጀመሩት ሲግናልአር ግሩፕ አለው። ውስጡ ሲታይ ሩም ማለት በሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠ ስምና በሥሩ የተመዘገቡ መስመሮች ስብስብ ነው። መጀመሪያ የገባው ሰው ሩሙን ይፈጥረዋል፤ የመጨረሻው ሲወጣ ሩሙ ይጠፋል፤ ልክ እንደ አይአርሲ ቻናል። በሶኬት አይኦ እያንዳንዱ መስመር ሲከፈት በራሱ መለያ በተሰየመ የአንድ ሰው ሩም ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው መላክም ለቡድን የመላክ አንዱ ዓይነት ሆኗል። ብሮድካስት የሚለው ትእዛዝ ላኪውን ትቶ ለቀሩት ይልካል፤ ይህም የአይአርሲ ልማድ ነው። በጀረሚ ሚለር የተጀመረውና በ1999 ይፋ የሆነው ጃበር የተባለ የመልእክት ሥርዓት በቡድን ክፍሎቹ ተቃራኒውን መርጦ ነበር፤ መልእክቱ ለላኪውም ተመልሶ ይመጣል። የጃበር ምርጫ ጠንካራ ምክንያት አለው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ሲጽፉ ሁሉም፣ ላኪዎቹም ጭምር፣ ሰርቨሩ ባወጣው አንድ ቅደም ተከተል ያነባሉ። የመጀመሪያው መንገድ የሚመች የትየባ ምልክትን ለመሰለ አላፊ ነገር ነው፤ ቅደም ተከተል ለሚያስፈልገው ጨረታ ወይም የጋራ ሰነድ የጃበር መንገድ ይሻላል።

በእነዚህ ላይብረሪዎች ጀማሪዎች ደጋግመው የሚሰናከሉት በዝርዝሩ ላይ ነው። ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር መስመሩ ተቆርጦ አዲስ ይከፈታል። ለሰርቨሩ ይህ አዲስ እንግዳ ነው። በአዲሱ ሲግናልአር እንደገና የተገናኘ ሰው የቀድሞ ግሩፖቹ ውስጥ በራሱ አይመለስም፤ ፕሮግራሙ ራሱ መልሶ ሊያስገባው ይገባል። ያ ካልተደረገ ተጠቃሚው መስመሩ ክፍት፣ ስክሪኑ ሕያው ሆኖ እያየ ምንም መልእክት አይደርሰውም፤ ስህተት መኖሩን የሚነግረው ነገርም የለም።

ደንበኞቹ በዝተው ሁለተኛ ሰርቨር ሲጨመር የ1988ቱ ጥያቄ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የአንድ ሩም አባላት ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ሰርቨር ላይ ናቸው። የተለመደው መልስ ሬዲስን መሐል ማስገባት ሆነ። ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ በ2009 የጀመረው ይህ ዳታቤዝ በ2010 መልእክት ተቀብሎ ለተመዘገቡ ሰርቨሮች የሚያከፋፍልበት ክፍል ተጨመረለት። አንደኛው ሰርቨር ለሬዲስ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ሬዲስ ለሌሎቹ ያስተላልፋል፤ እነሱም ለየደንበኞቻቸው ያባዛሉ። ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ ግን ምንም አያስቀምጥም። በዚያች ቅጽበት መስመሩ የተቋረጠበት ሰርቨር መልእክቱን ለዘለዓለም ያጣዋል። መጥፋት የሌለበትን ነገር የሚያሰራጩ ሥርዓቶች ስለዚህ መልእክቱን መጀመሪያ በዳታቤዝ ያኖሩታል፤ ተመልሶ የተገናኘ ደንበኛም የመጨረሻ ያየውን ቁጥር ተናግሮ ያመለጠውን ይጠይቃል።

በኧርላንግ ላይ የተገነባውን ፊኒክስ የተባለ የድር ማዕቀፍ የፈጠረው ክሪስ ማኮርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ2015 ባደረገው ሙከራ 40 ኮርና 128 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው አንድ ማሽን ላይ 2 ሚሊዮን የዌብሶኬት መስመሮችን በአንድ ጊዜ ከፍቷል። የሲ10ኬ ጥያቄ በተነሣ በ16 ዓመቱ ቁጥሩ 200 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚመዝነው ግን በተከታዩ ዓመት ፊኒክስ ላይ የተጨመረው ፕሬዘንስ የተባለው ክፍል ነው። በፕሬዘንስ እያንዳንዱ ሰርቨር የተገኙትን ሰዎች ዝርዝር የራሱን ቅጂ ይይዛል። እያንዳንዱ መግባትና መውጣት የየት ሰርቨርና ስንተኛው ለውጥ እንደሆነ ተለይቶ ይመዘገባል። ሰርቨሮቹ ሲለያዩ እያንዳንዱ የሌላውን ሰዎች ከዕይታ ያነሣል፤ ሲገናኙ ቅጂዎቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ የሒሳቡ ሕግ የቱም ቀድሞ ቢደርስ ውጤቱ አንድ እንዲሆን ያደርጋል። ዋና አስታራቂ አያስፈልግም። በ1996 ሰዎች ተጣልተው የተለያዩበት የማስታረቅ ሥራ በፕሮግራም የሚፈጸም ሆኗል።

አይአርሲ ራሱም አልሞተም። ስላክ የተባለውን የሥራ ቦታ መነጋገሪያ የፈጠረው ቡድን ጌም በሚሠራበት ጊዜ በአይአርሲ ይነጋገር ነበር፤ በ2013 የወጣው ስላክም የቻናሉን ሐሳብና የ# ምልክቱን ወርሷል። የጌም ተመልካቾች የሚጎርፉበት ትዊች ደግሞ ቻቱን ከውጭ ለሚጽፉ ፕሮግራሞች በአይአርሲ ቋንቋ፣ በዌብሶኬት ላይ ጭምር፣ ከፍቶላቸዋል።

የቡድኑ ስፋት ወደ አሥር ሺዎች ሲደርስ መላኩም በተራው አስቸገረ። በ2015 የተከፈተው ዲስኮርድ የተባለ የመነጋገሪያ አገልግሎት ለእያንዳንዱ ማኅበረሰብ አንድ የኧርላንግ ፕሮሰስ ይመድባል፤ ፕሮሰሱ ለእያንዳንዱ አባል ይልካል። ኩባንያው በ2017 እንደገለጸው አንዱ መላክ ከ30 እስከ 70 ማይክሮሰከንድ ይወስድ ነበር፤ 30,000 ሰው ባለበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ተደምሮ አንዱን መልእክት ለማዳረስ ከ900 ሚሊሰከንድ እስከ 2.1 ሰከንድ ይፈጃል። መፍትሔ የሆነው ማኒፎልድ የተባለው ላይብረሪ ተቀባዮቹን በሚገኙበት ማሽን ይመድባል፤ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ጊዜ ይልካል፤ ማባዛቱን ለዚያ ማሽን ይተዋል። ይህ ከኦውሉ ሰርቨር የወጣች አንዲት ቅጂ ውቅያኖስ ተሻግራ የምትባዛበት አሠራር ነው።

ስለ ዝርዝሩ ግን በትልልቆቹ ሥርዓቶች የተወሰደው እርምጃ የተለየ ነው፤ ሙሉው ዝርዝር ለሁሉም አይነገርም። በቴሌግራም ቻናል ተከታታዮቹ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ቁጥራቸው ብቻ ይታያል። በዲስኮርድ ትልልቅ ማኅበረሰቦች ውስጥ አባሉ የሚላክለት በስክሪኑ ላይ በዚያች ጊዜ የሚታየው የስም ዝርዝር ቁራጭ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ቀጣዩ ይመጣለታል። ማኅበረሰቡን ከፍቶ ለማይመለከት አባልም እያንዳንዱ ለውጥ አይላክም፤ ሲከፍተው ያኔ የወቅቱ ሁኔታ ይደርሰዋል።